የጣሊያን ነው ይሉታል

ቬንትሌተር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያውን ይጫናል፣ ነፋሱን በፊቱ ይሞክራል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። የገባው ሰው ግን «እስኪ አጥፋው» ይላል። ሥራው የሚታየው ከጠፋ በኋላ ነውና። ቀሽሙ ኃይሉ እንደተቋረጠበት ጥቂት ዞሮ፣ ኩሽኔታው ጭር ጭር እያለ፣ ገታ ብሎ ይቆማል። ጥሩው ድምፁን አጥፍቶ መዞሩን ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ክንፎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው የሚቆጠሩ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜም ይዞራል። የሮተሩ ክብደት፣ የኩሽኔታው ጥራት፣ የክንፎቹ እኩልነት ሁሉም እዚያ ላይ ይመሰክራሉ። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ሲጠፋ ግን መሸፈኛ የለም።

አገራችን የማራገቢያ ካርታ ቢሠራላት መተማና ሑመራ፣ ጋምቤላ፣ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ይደምቃል፤ ጣና ዳር ሲደርስ ይደበዝዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ባዶ ይቀራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የኮርኒስ ቬንትሌተር በፊልም የሚያየው ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መጋቢትና ሚያዝያ አይማሯትም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ያለችው ማክሰኝትም ያው ናት፤ ማታ ጋቢ፣ ቀን ነፋስ የሚፈለግበት አገር። ስለዚህ እዚህ ቬንትሌተር በየቤቱ የለም፣ ጨርሶም አይጠፋም። አሮጌ የሆቴል ሳሎን ውስጥ፣ ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ይገኛል። በዓመት ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር የሚያርፍ ዕቃ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። ቆላው ያሉት ወንድሞቹ ቀን ከሌሊት ዞረው አልቀዋል፤ የጣና ዳሮቹ ገና አሉ።

ማክሰኝት ላይ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የተሰቀለ አለ። ሦስት ክንፍ አለው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም ነው። ግድግዳው ለበዓል በተቀባ ቁጥር እሱም አብሮ ስለተቀባ መጀመሪያ ምን መልክ እንደነበረው አይታወቅም፤ ጫፉ ላይ በተላጠው በኩል ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሥር ሰማያዊ ይታያል። የስም ሰሌዳውን ቀለሙ ውጦታል። የማን ሥራ እንደሆነ የጠየቁት ሰው ሁሉ ግን መልሱን ሳያመነታ ይነግርዎታል፤ «የጣሊያን ነው!»

በእኛ አካባቢ ከአባት ዕድሜ የበለጠና ለአንድ ሰው የሚከብድ ብረት ሁሉ የጣሊያን ነው። ድልድዩ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የወፍጮው መዘውር ሳይቀር። ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ከማክሰኝት ወደ እንፍራንዝ ሲሄዱ የሚታለፈው ቁልቋል በር፣ የጣሊያን ጦር እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ መሽጎ የተዋጋበት ቦታ ነው። እዚያ ሲሸነፍ ጎንደርም ከቀናት በኋላ እጇን ሰጠች፤ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ያኔ አከተመ። ጥሎት የሄደው መንገድና ሕንፃ ዛሬም ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሟል። ማራገቢያም ቢሆን ጣሊያኖች ያውቁበታል። ኤርኮሌ ማሬሊ ሚላኖ ላይ በ1891 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት ገና ከጅምሩ ስሙን ካስጠሩለት ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነበር። ፊያት ፈታትቶ የገጠመ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ማኜቲ ማሬሊም በ1919 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ቤት ከፊያት ጋር በሽርክና የተወለደ ነው። እንግዲህ «የጣሊያን ነው» ያለ ሰው እብድ አይባልም። ብቻ ይሄኛው ቬንትሌተር የጣሊያን አይደለም።

ያወቅሁት ሲወርድ ነው። ማጉረምረም ስለጀመረ አወረዱትና ወደ ዲናሞ ጥቅለላ ቤት መጣ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እንጀራቸው የወፍጮ ቤት ሞተርና የውሃ ፓምፕ ነው፣ ቬንትሌተር ሲመጣላቸው ግን ፊታቸው ይፈታል። በቀጭን ቢላ የሰሌዳውን ቀለም ፈቀፈቁት። ስሙ ከቀለሙ ጋር አብሮ ተነቅሏል፤ የቀረው 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል የሚለው ብቻ ነው። እኔም የሰማሁትን ደገምኩ።

«ጋሼ፣ የጣሊያን ነው ይላሉ እኮ።»

ምንም አልመለሱልኝም። ከጣሳቸው ውስጥ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን መርጠው የክንፉ ማሰሪያ ቀዳዳ ውስጥ በጣታቸው ማዞር ጀመሩ። አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛውን ሲጀምር ያዘ። አውጥተው ከቬንትሌተሩ የራሱን ብሎን ሰጡት፤ እስከ መጨረሻው ሰተት ብሎ ገባ። ጥርሱ በኢንች የተቆረጠ ነበር።

«ጣሊያን ብሎን ከእንግሊዝ ይበደር ነበር እንዴ ልጄ?»

ከዚያ ወዲያ ምስክሩ አልቆመም። ለካፓሲተሩ የተሠራው ቤት በኋላ የተለጠፈ ሳይሆን ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀዳ ነው። ከውስጥ የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ፕላስቲክ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ቢሆን ጥጥ ወይም ላስቲክ ይለብስ ነበር። የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ኢንች ነው። እንግሊዞች ለሞቃት አገሮች ይሠሩት የነበረው፣ ሕንዶችም ከነሱ ተቀብለው የቀጠሉበት ልክ ይኼ ነው። በአንጻሩ አንድም ባለ መስቀል ቪት የለውም፤ ሁሉም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚጠይቁ ናቸው። በኔ ግምት ከእንግሊዝ ወይም ከሕንድ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ወይም በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የጣሊያን ባለመሆኑ ባለቤቱ ትንሽ ቅር ብሎታል። እኔ ግን ወሬው ከላዩ ሲወርድለት ነው ሥራው የታየኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ነው። የኮርኒስ ቬንትሌተር ምሰሶው አይዞርም፤ ክፍት ቱቦ ነው፣ ሽቦው በውስጡ ወርዶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሽቦው ከቱቦው ታጥፎ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጠርዙ ስለት ከሆነ፣ በዓመታት ንዝረት ልባሱ እየተከረከመ አንድ ቀን አካሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እዚህ ግን ጠርዙ ተሞርዶ፣ ከተሞረደም በኋላ ተወልውሎ፣ ጣት ሲያልፍበት የብረቱ መጀመሪያና መጨረሻ አይለይም። ከገጠመው የፋብሪካ ሠራተኛና ከጠጋኙ በቀር ይህን ቦታ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ የለም። ከላይኛው ኩሽኔታ ሥር ደግሞ ቀጭን የሱፍ ቀለበት አለች፤ ግራሶው ወደ ጥቅልሉ እንዳይወርድ ትይዛለች። ደርቃለች እንጂ አልተበላችም። የማንጠልጠያው ዳዶ ከተጠበቀ በኋላ እንዳይላላ ባለ ሁለት እግር ሽቦ በምሰሶው ቀዳዳ ያልፋል፤ ይኼ የተለመደ ነው። ያልተለመደው፣ ያ ሽቦ ቢሰበር እንኳ ዳዶውን የሚይዝ ሌላ ጎን መጥበቂያ ቪት መኖሩ ነው። ሠሪው ሰው ከሥሩ ቁጭ ብሎ ምሳ እንደሚበላ አስቦበታል።

ይህ ሁሉ ከሆዱ በላይ፣ ከኮፍያው ውስጥ፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የተደበቀ ነው። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ክብ ብረትና ሦስት ክንፍ ብቻ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን ደግሞ ይገልብጡት፤ ከታች የወርቅ ቅብ ጌጥ፣ ከላይ በችኮላ የተቆረጠ ላሜራ ጥርሱ ሳይመታ ያገኙታል። ዕድሜ ራሱን ችሎ ዋጋ አይሰጥም፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ቀሽም ዕቃ ሃምሳ ዓመት የሞላው ቀሽም ዕቃ ነው። አሮጌ ቬንትሌተር ሊሰበሰብ የሚገባው የሚሆነው፣ እኔ እንደማየው፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ እጅ ሲያርፍበት፣ ሌላ እጅም ተመልሶ እንዲከፍተው በር ሲተውለት ነው።

በሩ ደግሞ ተከፍቶ ያውቃል። የሆዱ ክዳን ሲነሳ ከውስጠኛው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አገኘን፤ «340» ይላል። ከዚህ በፊት የጠቀለለው ባለሙያ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ የዙሩን ብዛት ትቶለት ነው የሄደው። ጋሼ ቁጥሩን ሲያዩ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ የድሮውን ጥቅልል ከመቁረጣቸው በፊት እሳቸውም አንዱን ጥቅል ፈትተው ቆጠሩ። ልክ ነበር።

የወፍጮ ሞተር ለለመደ ሰው ይህ ሞተር የተገለበጠ ነው። ወፍጮው ላይ ጥቅልሉ ውጭ ሆኖ ይቆማል፣ ውስጡ ይዞራል። እዚህ ጥቅልሉ መሃል ላይ ቆሞ የሚዞረው የውጭው ሆድ ነው፤ ክንፎቹ የታሰሩት እሱ ላይ ነዋ። ብረቱ ዙሪያውን 28 ቦይ አለው፤ 14ቱ ለዋናው ጥቅልል፣ 14ቱ በካፓሲተሩ በኩል ለሚያልፈው ረዳት ጥቅልል። 14 ዋልታ ማለት በ50 ሳይክል ኃይል ላይ የመግነጢሱ ዙር በደቂቃ 428 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ክንፉ አየሩን ስለሚገፋ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይዞራል። ማርሽ የለ፣ ቀበቶ የለ፤ ዝግታው የመጣው ከዋልታው ብዛት ብቻ ነው። ሽቦው የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ያን የሚያህል ሽቦ 340 ጊዜ ሳይበጠስ፣ ሳይቆላለፍ፣ ቫርኒሹ ሳይላጥ አንድ ቦይ ውስጥ ማስተኛት፣ እንደዚያ አድርጎ 14 ጊዜ መድገም፣ ከዚያ ረዳቱን መጀመር። ማሽን እንጂ ሰው የሚሠራው አይመስልም፤ ማክሰኝት ላይ ግን ሰው በእጁ ይሠራዋል። የሽቦውን ውጥረት የሚያውቁት በጣታቸው ነው፤ ሲያጠብቁ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ቦዩ ሲሞላ ይለቁታል።

ክንፎቹ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሦስቱም ከማሰሪያቸው ሥር 1፣ 2፣ 3 ተብለው በብረት ማኅተም ተመትተዋል፤ የማሰሪያ ቦታዎቹም እንደዚያው። ሥዕል ወይም ጌጥ የመሰለው ሰው ሲያጸዳ ቀላቅሎ ይገጥማቸውና በማግስቱ ቬንትሌተሩ ይንገዳገዳል። ፋብሪካው ሦስቱን ክንፎች መዝኖ፣ የሚመሳሰሉትን አዛምዶ አንድ ቤተሰብ አድርጎ ነው የላካቸው። የእኛ እናቶች ይህን ሕግ ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ የእንዝርቱ ቀለበት በአንድ ወገን ከከበደ ፈትሉ አንዴ ይወፍራል አንዴ ይቀጥናል። ክንፉ ላይ የግራም ልዩነት በቂ ነው፤ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ክብደቱ ጉልበት ያገኛል። ጋሼ የሚያስተካክሉት በሳንቲም ነው። አንድ ሳንቲም በፕላስተር ክንፉ ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ፣ ያስነሳሉ፣ ያያሉ፣ ወደ ጫፉ ወይም ወደ ሥሩ ያንቀሳቅሱታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ሳንቲም አልጠየቀም። ቁጥሩ በቁጥሩ ቦታ ሲገባ ቀጥ አለ። ያን ያህል የቀለም ንብርብር ተሸክሞ ሚዛኑን አለመሳቱ ግን ይገርመኛል፤ ቀቢው ሦስቱንም እኩል ያጠገበ ሰው መሆን አለበት።

የዚህ ዕቃ አባት ፊሊፕ ዲል ይባላል፤ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ለሲንጀር ኩባንያ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ለስፌት መኪና የሠራውን ሞተር ወስዶ ክንፍ አሰረለትና ኮርኒስ ላይ ሰቀለው። ማክሰኝት በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ይዘው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎችና ከምግብ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የሚዞረው ብረት የአንድ ቤት ዘር ናቸው ማለት ነው። ከዲል ቀጥሎ በ1886 የተነሳው ሀንተር የተባለው ድርጅት መጀመሪያ በውሃ ኃይል በቀበቶ የሚዞሩትን ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ላይ ያወጣው፣ ኩሽኔታው ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚዞርበት ዓይነት እስከ ዛሬ የሰብሳቢ ምኞት ነው። አሜሪካኖቹ አየር ማቀዝቀዣ ሲገባላቸው ቬንትሌተሩን ረሱት፤ በ1970ዎቹ ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ ካዛብላንካን የመሳሰሉ አዳዲስ ድርጅቶች መልሰው አነሱት። ሰብሳቢዎቹ አሁን የሚከራከሩት በዚህ ነው። አንዱ ወገን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያልተሠራውን አሮጌ አልለውም ይላል፤ ሌላው የ1970ዎቹንና 80ዎቹን ትንሣኤም ይቀበላል። ከዘመድ በስጦታ መጥቶ እዚህ የተቃጠለ የአሜሪካ ቬንትሌተር ግን ከክርክሩ ውጭ ነው። 110 ቮልት የለመደ ጥቅልል የኛን 220 ሲጠጣ ጋሼ ዘንድ ይደርሳል፣ በኛ ልክ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ወዲያ ዜግነቱ ይቀየራል።

ባሕር ዳር ላይ አሮጌዎቹ የበዙበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ሶቪየት ኅብረት የሠራችው ፖሊቴክኒክ በ1963፣ 11.4 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 ተከተሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተማዋ ኃይልም፣ ፋብሪካም፣ የኤሌክትሪክ ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አገኘች። ያኔ የተሰቀለ ዕቃ ሁሉ በዚያ ዘመን ጥራት የተሰቀለ ነው። ዛሬ ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ሲታደሱ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። ወርዶ የሚሄደው ደግሞ ወደ ቁራሌው ነው፤ ቁራሌው መዶሻ ይዞ የሚፈልገው መሃሉ ላይ ያለውን መዳብ ብቻ ነው። ከኪሎ ያነሰ መዳብ ለማውጣት ሆዱን ይሰብራል፣ ክንፎቹን ከቆርቆሮ ክምር ጋር ይቀላቅላል። ስብስብ የሚባል ነገር በአካባቢያችን ካለ፣ ያለው ጥቅለላ ቤቶች ውስጥ ነው። ጋሼ ዘንድ ከጠረጴዛው ሥር የማይሸጡ ሦስት ሆዶች፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የክንፍ ቤተሰቦች፣ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ ኩሽኔታዎች አሉ። ሙዚየም አይሉትም፤ መለዋወጫ ይሉታል።

አድናቆቴ ዓይኔን እንዳይጋርደው ልናገር። የአሮጌው ሞተር ከ70 እስከ 80 ዋት ይበላል፤ ዛሬ መግነጢስና ኤሌክትሮኒክስ ያለው አዲሱ ዓይነት በ30 ዋት ገደማ ያንኑ ነፋስ ይሰጣል። የግድግዳው አሮጌ ሬጉሌተር ደግሞ ይባስ። ነጭ ሸክላ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ፍጥነቱን የሚቀንሰው የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ነው፤ ሊያበርድ የተሠራ ዕቃ ግድግዳውን ሲያሞቅ ይውላል። ሆኖም ከአንድ ወደ ሁለት ሲያዞሩት «ቀጭ» ብሎ ቦታው ላይ የሚቀመጥበት ስሜት አለ፤ የአሁኑ ክብ ቁልፍ ያን አያውቅም። ባለ መብራት፣ ባለ ወርቅ ቅብ የ1980ዎቹን ግን ማንም ቢያመሰግናቸው እኔ አልወዳቸውም። የሞተሩን ሆድ አሳነሱት፣ ደካማው ሞተር እንዳይደክም የክንፉን ዘንበልታ ቀነሱት፤ ብዙ ይዞራል፣ ነፋስ አይወጣውም። ክንፉን ከጎን ይመልከቱት፤ ከጠፍጣፋ የማይለይ ከሆነ ይተዉት።

የምግብ ቤቱ ቬንትሌተር ከተጠቀለለ በኋላ ቀለሙ ይገፈፍ አይገፈፍ ተብሎ ክርክር ተነሳ። ባለቤቱ ብረቱ እስኪታይ ይወልወል አለ። ጋሼ እሳት የበላ ቫርኒሽ ላይ ቀለም መግፈፊያ ቢፈስ ጥቅልሉን ይበላዋል ብለው እምቢ አሉ፤ ሰሌዳው ብቻ ተጠርጎ ቀረ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ሦስቱ ቀለሞች የቤቱ ታሪክ ናቸው፤ ደግሞ ሚዛኑን ማን ያናጋል?

ለመግዛት የሚፈልግ ካለ እንግዲህ ቁራሌው ጋ ሳይደርስ ይቅደም። ሆዱን ብቻ አግኝቶ ደስ እንዳይለው፤ ከክንፎቹና ከየማሰሪያቸው ጋር ካልሆነ የገዛው የብረት ኪሎ ነው። ቁጥሮቹ መመሳሰላቸውን ይይ። ምሰሶውን ይዞ ሆዱን በእጁ ያዙረው፤ ሻካራ ድምፅ ካለ ኩሽኔታ ነው፣ ኩሽኔታ ይገኛል። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የኩሽኔታው ቤት ተበልቷል፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ካላስሞላው አይድንም፣ ዋጋውም ያንን ያህል መውረድ አለበት። ጥቅልሉ ተቃጥሎ ከሆነ አይሽሽ፤ መዳቡ እስካለ ድረስ፣ መዳቡ ባይኖርም ቦዮቹ እስካልተሰበሩ ድረስ፣ ማክሰኝት ላይ የሚጠቀልልለት ሰው አለ። ብሎኖቹን ግን አንድ እንኳ እንዳይጥል፤ በኢንች የተቆረጠ ብሎን ጎንደር ድረስ ሄዶም አያገኝም።